ባዮጋሱ ጠፋ፣ ፓነሉ ደከመ፣ ሐይቁ ተመለሰ፦ ከድሬና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ሁሉም ማለት ይቻላል፣ ፕሮጀክት መጥቶ፣ ሠርቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ከሄደ በኋላ የተጻፉ ናቸው። እኔም ድሮ ከነዚያ መኪኖች የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ገጠር ለገጠር ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ወቀሳው ለኔም ይደርሰኛል። እስቲ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ቤታችን ሐረማያ አካባቢ ነው። ባዮጋስ ከተሠራልን አራት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ወጡም ቡናውም እሱ ላይ ነበር። አሁን እሳቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቢጫ ይሆንና ድስት ያጠቁራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የሠሩልን ሰዎች ስልክ አያነሱም። ላሞቹ አምስት ነበሩ፤ ልጄን ስድር ሦስቱን ሸጥኩ፣ ሁለት ቀሩኝ። ልዝጋው ወይስ ይድናል?

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ልጅዎን ለመዳር አበቃዎት። አይዝጉት፣ ይድናል። የነገሩኝ ግን ሦስት የተለያየ በሽታ ስለሆነ ለየብቻ እንያቸው።

የሚንቀጠቀጠው እሳት የውሃ ጉዳይ ነው። ጋዙ እበቱ ከሚብላላበት ጉድጓድ ሲወጣ እርጥብ ነው። ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ያልበዋል፣ ላቡም ቱቦው ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ይተኛል። ጋዙ በዚያ ውሃ ውስጥ እየተንቦጨረቀ ሲያልፍ እሳቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ከጉድጓዱ እስከ ማድ ቤቱ ያለውን መስመር በእግርዎ ይከተሉ። ዝቅ ባለው ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ክዳን ባለው ትንሽ የሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ፣ የውሃ ማውጫ አለ። ይክፈቱት፣ ውሃው ይውጣ፣ ጋዝ መሽተት ሲጀምር ይዝጉት። በየሳምንቱ ቢያደርጉት ጥሩ ነው። (አንድ ቤት ሄጄ ያ ሳጥን የዶሮ መታቀፊያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዶሮዋን ማን ያስነሳት! ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ቤተሰቡ በእንጨት አበሰለ።)

ቢጫው እሳት አየር ያጠረው ነው። ምድጃው አንገት ላይ የሚዞር ቀለበት አለ፣ ቀስ አድርገው ያዙሩት፣ እሳቱ ሰማያዊ ሲሆን ያቁሙ። ካልሆነ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ይጥረጉ። ሸረሪት እዚያ ውስጥ ድር መሥራት በጣም ትወዳለች።

ሦስተኛው የላሞቹ ቁጥር ነው፣ እሱን በሽቦ መጥረግ አይቻልም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። ምድጃው ደግሞ በሰዓት ወደ 400 ሊትር ይበላል። ሁለቱ ላሞች ቀን ቀን ግጦሽ ውለው ማታ ብቻ ጋጣ ከሆኑ፣ ጠዋት የሚሰበስቡት እበት 10 ኪሎ ቢሆን ነው። ይህ የአንድ ሰዓት እሳት ነው። ቡናና ቁርስ ይሠራበታል፣ ራት አይሠራበትም። አስረው ቢቀልቧቸው እበቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የዶሮ ኩስም ይጨመራል፣ ሽንት ቤቱም ሊገናኝ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ይጸየፋል፣ እሱን ለእርስዎ እተወዋለሁ። ውሃውን ከእበቱ እኩል ያድርጉ፣ አንድ ባልዲ ለአንድ ባልዲ። ውሃ ሲጠፋ በወፍራሙ መጨመር ነው ብዙዎቹን የሚገድላቸው። ሳሙና ያልነካው እጣቢ ይሆናል፣ የከብት ሽንትም ይሆናል።

ጋዝ የሚያፈስ ከመሰለዎት በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ይቀቡ። አረፋው ካበጠ ቦታው እሱ ነው። በክብሪት ግን አይፈትሹ! ጉድጓዱ ውስጥም ማንም እንዳይገባ፣ ባዶ ቢመስልም እንኳ፣ «እኔ ቶሎ ብዬ እወጣለሁ» የሚል ጎረምሳ ቢኖርም እንኳ። እዚያ ውስጥ ሰው የሚተነፍሰው አየር የለም፣ ለማውጣት የገባውም አብሮ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብሔራዊ የባዮጋስ ፕሮግራሙ በ2001 ዓ.ም. ሲጀመር የመረጠው ከድንጋይና ከሲሚንቶ የሚሠራውን ባለ ጉልላት ዓይነት ነው። ጉልላቱ ብዙ ዓመት ይኖራል። ቀድሞ የሚሞተው ጎማው፣ ቫልቩና ምድጃው ነው። ዕድሜው አጭር የሆነውን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ በአካባቢው ሳይኖር ዕድሜው ረጅም የሆነውን መቅበር፣ እኛ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን የሠራነው ስህተት ይህ ነበር። እስከዚያው ጎማውን ከድሬ የሲሊንደር ጋዝ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ያገኛሉ። ሲሄዱ አሮጌውን ቆርጠው ይዘው ይሂዱ፣ ውፍረቱ እንዳያሳስትዎ።

ለእንጀራው ግን አይድከሙ። ያ ትንሽ ምድጃ ሰፊ ምጣድ እኩል አያሞቅም። መሐሉ ያርራል፣ ዳሩ ሊጥ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሳቢያን ነው የምኖረው። መብራት ሲጠፋ ተማርሬ ባለ 300 ዋት የሶላር ፓነል ቆርቆሮው ላይ አስገጠምኩ። ጠዋት ጎበዝ ነው፣ ከሰዓት ግን ፀሐዩ አናት ሲበሳ ይደክማል። ተታልዬ ይሆን? ጎረቤቴ ደግሞ «ሁለተኛ ጨምርና በሶላር እንጀራ ጋግር» ይለኛል።

መልስ፦ አቦ፣ አልተታለልክም። ፓነል ብርሃን ይወዳል፣ ሙቀት ይጠላል። ጀርባው ላይ የተጻፈው 300 ዋት የተለካው ፓነሉ 25 ዲግሪ ላይ እያለ ነው። ድሬ ውስጥ 25 ዲግሪን በእኩለ ቀን ያየው ማን ነው? በግንቦት ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ የዋለ ፓነል 65 ዲግሪ ቢደርስ አይገርምም። ከ25 በላይ ለእያንዳንዷ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 40 ዲግሪ ሲጨምር 16 በመቶ ሄደ ማለት ነው፣ ወደ 50 ዋት።

መፍትሔው ርካሽ ነው። በብረት እግር ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ በሥሩ ነፋስ ይለፍ። ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ አቧራውም እንዳይተኛበት። እጥበቱ ገና ሳይነጋ ይሁን፣ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። ደግሞ ውሃችንን ታውቀዋለህ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ያንን ነጭ ድንጋይ ፓነልህም ላይ ይጋግረዋል። እዚያው ላይ እንዲደርቅ አትተወው፣ በጨርቅ አድርቀህ ውረድ። አንድ ጓደኛዬ በየሳምንቱ በቧንቧ ውሃ እያጠበ «ለምን ነጣ?» ይል ነበር። ከአቧራው ይልቅ ራሱ ነበር የጋረደው።

የጎረቤትህን ነገር ተወው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይጎትታል። አንተ 300 አለህ፣ እሱም እንዳየነው ከሰዓት 250 ነው። በቁጥር አሥራ አራት ፓነል፣ ኢንቨርተሩ፣ ባትሪው... አንድ እንጀራ ስንት እንደሚወጣ ጎረቤትህ ያስላው። መብራት ሲጠፋ መጋገር ካለብህ ምርት ምድጃ ግዛ። ከሲሚንቶ የሚሠራውና በየክፍሉ የሚገጣጠመው ማለት ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የ1980ዎቹ ሥራ ነው፣ ዛሬም በርካሽነት የሚያክለው አላየሁም።

ጥያቄ፦ ከቢዮ አዋሌ ነው የምጽፈው። በየዓመቱ ተማሪዎች ፎርም ይዘው ይመጣሉ። ስንት ላም አለህ፣ ስንት ኩንታል አገኘህ፣ በምን ታበስላለህ፣ ሽንት ቤት አለህ ወይ። ሁለት ሰዓት ሥራ ያስፈቱኛል። ውጤቱን አንድም ቀን አይተን አናውቅም። ዘንድሮ እምቢ ብል ነውር ነው?

መልስ፦ ነውር አይደለም ወንድሜ፣ መብትህ ነው። ፎርሙ መጀመሪያ ገጽ ላይ «በፈቃደኝነት» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ነው የሚታለፈው። የትኛው ተቋም እንደሆነ ጽፈህልኛል፣ ስሙን አላነሳም። አንድ ተቋም ብቻ ቢሆንማ እሰየው ነበር።

እኔም ፎርም ይዤ ዞሬያለሁ። አንድ ቀን ደንገጎ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጫታቸውን ይቅማሉ። ሰላምታዬን ሰጥቼ ወረቀቴን ዘረጋሁ። ቀና ብለው አዩኝና «ያምናው የት ደረሰ?» አሉኝ። የአምናውን የወሰደው ሌላ ሰው እንደነበር፣ የት እንደደረሰም እንደማላውቅ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ከሱ ተቀበል፣ ላሞቼ አልጨመሩም» ብለው ወደ ጫታቸው ተመለሱ። እስክሪብቶዬን ከድኜ ተነሳሁ። እውነታቸውን ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ ካልከኝ፣ ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን ነገሩ ታሪክ ስላለው ነው። ከአሜሪካ፣ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን እገዛ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለማያ (ሐረማያ ያኔ የምትጠራበት ስም ነው) ላይ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር ሦስት ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውን ገበሬው ማሳ ድረስ ማድረስ። ሦስተኛው በ1955 ዓ.ም. ለግብርና ሚኒስቴር ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ የሚመራመረው ሌላ፣ ገበሬው ዘንድ የሚውለው የልማት ሠራተኛ ሌላ ሆነ። ዩኒቨርሲቲዎች «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚል ክፍል አቋቁመው ክፍተቱን ሊሞሉ ይሞክራሉ፣ አንዳንዱ ጥሩ ይሠራል። ተማሪው ግን የሚመዘነው በመመረቂያ ጽሑፉ ነው፣ ያ ጽሑፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንተ ዘንድ ተመልሶ ስለመጣ ነጥብ የሚጨምርለት የለም።

ስለዚህ በደፈናው እምቢ ከማለት ዋጋ ጠይቅ። ገንዘብ አላልኩም። ልጁን ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ስሙንና የአማካሪውን ስልክ ይጻፍልህ፣ የመጨረሻውን ውጤት በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ፣ በምትናገሩት ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ያምጣ፣ ሲያመጣም ለአንተ ብቻ ሳይሆን አፎሻችሁ (ዕድራችሁ) በተሰበሰበበት ቀን ያንብበው። እሺ ካለ ሁለት ሰዓትህን ስጠው። ካንገራገረ ሥራህን ቀጥል። ብዙዎቹ ልጆች እሺ እንደሚሉ እወራረዳለሁ። እስካሁን የጠየቃቸው የለም።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ፣ መሬቴ ግን ሐረማያ ሐይቅ ዳር ነው። ሐይቁ ተመልሷል፣ ጉድጓዴም ውሃ አለው። ለናፍጣ ሞተር የማወጣው ገንዘብ አቃጠለኝ፣ የሶላር ፓምፕ ልገዛ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ መጀመሪያ ልደሰትልህ። ሐይቁን ደረቅ ሜዳ ሆኖ፣ ከብት ሲግጥበትና ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት ያየ ሰው ዛሬ ውሃውን ሲያይ ዓይኑን ማመን ያቅተዋል። እኔም አንዱ ነኝ።

ግን ለምን ደረቀ? በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲነጥፍ ጥፋቱ የአንድ ሰው አልነበረም። የሐረር ከተማ ከሱ ትጠጣ ነበር። ዙሪያው ያለው ገበሬ ጫቱንና አትክልቱን በሞተር እየሳበ ያጠጣ ነበር። ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ደግሞ ከሥር ይሞላው ነበር። ከዚያ በኋላ የሐረር ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ተራራ እየተገፋ እንዲወጣ ተደረገ። ድሬ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ 600 ሜትር ለማውጣት፣ ፓምፑ ምንም ባያባክን እንኳ፣ ከ1.6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይበላል። እዚያው ደጅ የነበረውን ሐይቅ ማጣት በየቀኑ በመብራት እንዲህ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ፓምፕህ። የሶላር ፓምፕ ጥሩ ነው፣ ግዛው። ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው፣ ባትሪም አያስፈልገውም፣ ቀን እየሳበ በርሜል ይሞላል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ናፍጣ ውድ ስለሆነ ሞተርህን የምታጠፋው ራስህ ነህ። «በቃ፣ ጠጥቷል» ትላለህ። ፀሐይ ግን በነጻ ናት። ፓምፑን የሚያጠፋው ምሽት ነው። ያንተ ብቻ ቢሆን ችግር የለም፣ ጎረቤትህም፣ የጎረቤትህ ጎረቤትም ይገዛል፣ ሁላችሁም የምትስቡት ከአንድ ከርስ ነው። ናፍጣው ሳታውቁት ፍሬን ሆኗችሁ ነበር። ፍሬኑን ስትነቅሉ ሌላ መተካት አለባችሁ።

እኔ የማምነው ፍሬን ገመድ ነው። ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ እሰር፣ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አድርግ። በየወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ ጠዋት፣ ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ወደ ጉድጓዱ ልቀቀው። ውሃው ጋ ሲደርስ ጧ ይላል። ቋጠሮውን ቆጥረህ የማድ ቤት በር ላይ በከሰል ጻፈው። ዘንድሮ ጥርን ከሰኔ ጋር አታወዳድር፣ ሁልጊዜም ልዩነት አለው። የዘንድሮን ጥር ከከርሞ ጥር ጋር ነው። ሁለት ጥር ተከታትሎ ከወረደ ከምትመልሰው በላይ እየሳብክ ነው፣ ያንን በር ለጎረቤቶችህ አሳያቸው። ለዚህ ምንም ፕሮጀክት አያስፈልግም።

ስትገዛም የፓምፑን ዋጋ ብቻ አትጠይቅ። ውሃውን ከስንት ሜትር እንደሚያወጣ፣ መቆጣጠሪያው ቢቃጠል ማን እንደሚጠግነው ጠይቅ። ሻጩ «አዲስ አበባ እንልካለን» ካለህ በሞተርህ ትንሽ ታገሥ። የተረፈህ ገንዘብ ካለ ለጠብታ መስኖ ይሁን። በቦይ የሚሄደው ውሃ ጫቱ ሥር ሳይደርስ አፈር ነው የሚጠጣው።

ጥያቄ፦ ፈዲስ ነኝ። ማሽላዬን አቀንጭራ፣ ያ ሥር የሚጠባው አረም፣ ጨረሰው። አረምኩት፣ ተመልሶ መጣ። «መድኃኒት አለው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ያረምከው መቼ ነው? ወይን ጠጅ አበባው ከፈካ በኋላ ከሆነ ዘግይተሃል። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፣ ዘሩ ትቢያ ነው የሚያክለው፣ አፈር ውስጥም ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚቀሰቅሰው የማሽላው ሥር ራሱ የሚለቀው ኬሚካል ነው። አስተናጋጁ ራሱ ነው ሌባውን የሚጠራው።

ይህችን ምስጢር ይዘው ከሠሩት አንዱ የእናንተው አካባቢ ኮሌጅ ልጅ ናቸው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ1965 ዓ.ም. ከአለማያ ተመርቀው፣ በኋላ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው፣ ያንን ጥሪ እምብዛም የማይጠሩ የማሽላ ዝርያዎችን ከነባልደረቦቻቸው አወጡ። በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተሸለሙት በዚህ ሥራ ነው። ስለዚህ «መድኃኒት» የሚሉህ ነገር ካለ ዘሩ ነው። የቀበሌህን የልማት ሠራተኛ «አቀንጭራ የሚቋቋም ማሽላ» ብለህ ጠይቀው፣ ገና በበጋ ጠይቀው፣ በዘር ሰሞን አይገኝም።

እስከዚያው ሳያብብ ንቀል። ያበበውን ደግሞ አቃጥለው እንጂ ዳር ላይ አትከምረው። ፍግ ጨምር፣ አቀንጭራ የሚበረታው በሳሳ መሬት ላይ ነው። አንድ ዓመት ደግሞ በማሽላው ፋንታ ለውዝ ዝራበት። ለውዝ የአቀንጭራውን ዘር ይቀሰቅሰዋል፣ ግን አያጠባውም፣ በቅሎ ይሞታል። ለፈዲስና ለባቢሌ ሰው ለውዝ ዝራ ማለት ምክር ነው እንዴ? ግን ያለህን ተጠቀም ለማለት ነው።

ጥያቄ፦ መልካ ጀብዱ፣ ጓሯችን ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ወረረው። ብንቆርጠው ይብሳል።

መልስ፦ ከመሬት በላይ ስለቆረጣችሁት ነው። ግንዱን ከአፈሩ ሥር አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ቁረጡ፣ የሚያቆጠቁጠው እምቡጥ ከዚያ በላይ ነው ያለው። ፍሬውን ፍየሎች እንደወረደ እንዳይበሉት፣ ዘሩ ሳይፈጭ በሆዳቸው አልፎ ከነማዳበሪያው ይተከላል። ወፍጮ ቤት አስፈጭታችሁ ብትቀልቧቸው ግን ዘሩም ይሞታል፣ ፍየሉም ይጠግባል። ብቻ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቀድማችሁ ንገሩት፣ ፍሬው ስኳር ስላለው ድንጋዩን ያጣብቀዋል፣ በደንብ ሳታደርቁ ወስዳችሁ እንዳትጣሉ።